«ዋጋ ይቀበላል» ወይስ «ዋጋውን ይቀበላል»?

ጥያቄ፦ ለተማሪዎቼ የፕሮግራሚንግ ማስታወሻ በአማርኛ እያዘጋጀሁ ነው። ስለ አንድ ፕሮሲጀር (በስሙ ሲጠራ ስለሚሠራ የኮድ ክፍል) «ይህ ፕሮሲጀር ዋጋ ይቀበላል» ብዬ ጻፍኩ። ጽሑፉን ያየልኝ ባልደረባዬ «ዋጋውን ይቀበላል መባል አለበት» አለኝ። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ እርስዎ ነዎት። የባልደረባዎ ዓረፍተ ነገር በሰዋስው አይነቀፍም፤ የሚለው ነገር ግን ሌላ ነው። «ዋጋውን» ሲባል ሰሚው የትኛው ዋጋ እንደሆነ አስቀድሞ ያውቃል። ፕሮሲጀሩ ግን አስቀድሞ የሚያውቀው ዋጋ የለም። በተጠራ ቁጥር የተሰጠውን ይቀበላል፤ አንዴ 200፣ ሌላ ጊዜ 1000። ፓራሜትር ማለት ይኸው ነው።

ከተቀበለ በኋላ ግን «ው» ይገባል፦ «ዋጋ ይቀበላል፤ በዋጋው ላይ 15 በመቶ ቫት ጨምሮ ድምሩን ያትማል።» እዚህ «ዋጋው» አሁን የተቀበለው ነው፤ ሌላ ቦታ ሄደን አንፈልገውም።

አሁን ደግሞ ይህን ያንብቡ፦ «ዋጋው ላይ ቫት ይጨምርበትና ያትመዋል።» የትኛው ዋጋ? ከውጭ የተቀመጠው፣ ያገኘው ፕሮሲጀር ሁሉ የሚነካው። ግሎባል ቫሪያብል እንዲህ ነው ጣጣ የሚያመጣው። 1000 ብር የነበረው ፕሮሲጀሩ ሲጠራ 1150 ይሆናል። ደረሰኙ ድጋሚ ይታተም ተብሎ እንደገና ሲጠራ 1322.50 ይወጣል። ደንበኛው በቫት ላይ ቫት ተጠየቀ ማለት ነው። ኮምፒውተሩ ምንም ስህተት አያሳይም። ተማሪው ጥፋቱን ለማግኘት ኮዱን ከላይ እስከ ታች ማበጠር አለበት፤ ዋጋውን የትኛውም መስመር ነክቶት ሊሆን ይችላላ! 1000 በፓራሜትር ተሰጥቶት ዋናው ሳይነካ ቢሰላ ኖሮ፣ 10 ጊዜ ቢጠራም የሚያትመው 1150 ነው።

«ይቀይረዋል» የሚለውን ሲጽፉም ይጠንቀቁ። ፓስካል በሚባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ከፓራሜትሩ ስም በፊት «ቫር» (var) ካልተጻፈ ለፕሮሲጀሩ የሚደርሰው ቅጂ ነው። ያኔ «የተሰጠውን ዋጋ ይቀይረዋል» ብለው ከጻፉ ተማሪው ዋናው የተቀየረ ይመስለዋል። «ቅጂውን ይቀይራል» ይበሉ። «ቫር» ካለ ግን «ይቀይረዋል» ትክክል ነው።

«ፓስ ያደርጋል» ወይስ «ያስተላልፋል» የሚለው ብዙም አያስጨንቅዎ። ክፍል ውስጥ «ፓስ» ቢሉ ሁሉም ይገባዋል። ለጽሑፍ «ለፕሮሲጀሩ 1000 እንሰጠዋለን» ይበቃል። ብቻ ምን እንደተሰጠና ለማን እንደተሰጠ ሳይጽፉ «እንሰጣለን» ብለው አይለፉት።