የጓሮ ጥያቄዎቻችሁ፦ ውሃ የሚተኛበት ጓሮና ትኩስ የዶሮ ኩስ

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሰሚት አካባቢ ነው። ጓሮዬ ጥቁር አፈር ነው፤ ክረምት ሲገባ ውሃ ይተኛበታል። አምና የዘራሁት ካሮት እዚያው በስብሶ ቀረ። ዘንድሮ ከፍ ያለ መደብ ላሠራ ብዬ አናጺ ጠራሁ። የባሕር ዛፍ ጣውላ ግዢ፣ ምስጥ እንዳይበላው የተቃጠለ ዘይት እንቀባዋለን አለኝ። ዶሮ የሚያረባ ጎረቤት አለኝ፤ ኩሱን በነጻ ውሰጂ ብሎኛል። የምፈልገው ያለ ፋብሪካ ማዳበሪያና ያለ ፀረ ተባይ ለልጆቼ አትክልት ማብቀል ነው። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ልጄ፣ ጣውላው ሳይቀባ ስለጠየቅሽኝ እሰየው። ዘይቱ ይቅር። ለአጥር የታወቀ ዘዴ ነው፤ ለሚበላ ነገር ግን አይሆንም። ከሞተር የወጣ ዘይት ውስጥ እንደ እርሳስ ያሉ ከባድ ብረቶች ይኖራሉ። ዝናቡ አጥቦ አፈሩ ውስጥ ይከታቸዋል።

እኔ ብሎኬት ነው የደረደርኩት፣ ያለ ሲሚንቶ፣ ሁለት ረድፍ። የአንዱ ቁመት 20 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ሁለቱ 40 ይሆናሉ። ለካሮትም ይበቃል። ስፋቱ ከ1 ሜትር ከ20 አይለፍ፤ ከሁለቱም በኩል እጅሽ መሐል መድረስ አለበት። ርዝመቱ 3 ሜትር ከሆነ ወደ 46 ብሎኬት ይፈጃል። ከሠራሽው በኋላ ልጆቹ መደቡ ላይ እንዳይቆሙ አደራ። አፈር ከተረገጠ ሥር አይተነፍስም።

የእኔ ቤት ሽሮ ሜዳ ነው። የእኛ ሠፈር ቀይ አፈር ስለሆነ ውሃ አይተኛበትም፤ ግን ዳገት ነው፤ ጎርፉ በየክረምቱ አፈሩን ይዞብኝ ይሄድ ነበር። የአንቺ ችግር ሌላ ነው። ጥቁር አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ አየር ያጣል። ካሮትሽን ያበሰበሰው እሱ ነው። ስለዚህ ከሥሩ ላስቲክ እንዳታነጥፊ፤ ውሃው መውረጃ ያጣል። የታችኛውን አፈር መጀመሪያ በዶማ አላሊው። ጭቃ ሳለ አይነካም፣ ሲደርቅ ደግሞ ድንጋይ ነው። የበልግ ዝናብ ጠብ ካለ በኋላ ግን፣ ጨብጠሽ ስትለቂው ፍርፍር የሚልበት ቀን አለ። ያን ቀን ቆፍሪ። ከዚያ ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰለ ብስባሽ፣ ጥቂት አሸዋ ደባልቀሽ ሙዪው።

አሁን ወደ ኩሱ ልምጣ፤ ዋናው ነገር እሱ ነው። ጎረቤትሽ የሰጠሽ ትልቅ ሀብት ነው፣ ግን በትኩስነቱ መደብ ውስጥ አታስገቢው። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ቸኩዬ አስገባሁት። 40 የሰላጣ ችግኝ ተክዬ ነበር። በሳምንቱ የቅጠሎቹ ጠርዝ እሳት የነካው መሰለ፤ አንድም አልተረፈልኝም። ችግኞቹን ከዘር ያፈላኋቸው ራሴ ነበርኩ። ስነቅላቸው እንባዬ መጣ። ትኩስ ኩስ አሞኒያው ብዙ ነው፣ ሥር ያቃጥላል። ደግሞም ጥሬውን የሚበላ ሰላጣ ላይ ትኩስ ፍግ ማድረግ የሆድ በሽታ ያመጣል።

ስለዚህ ከምሪው። አንድ ባልዲ ኩስ፣ ሁለት ሦስት ባልዲ ደረቅ ነገር፦ ጭድ፣ ሰጋቱራ፣ ደረቅ ቅጠል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ግን አይግባ፤ የሌላውን ተክል እድገት ያቀጭጫል። የጀበናው የቡና አተላ፣ የድንች ልጣጭ፣ የእንቁላል ቅርፊት ይግባ። ሥጋና አጥንት አይጥ ይጠራል። ውሃ አርከፍክፊበት፤ ተጨምቆ እንደወጣ ጨርቅ ይራስ እንጂ አይንጠባጠብ። ፌሮ ሰክተሽ እዚያው ተዪው። በሳምንቱ ስታወጪው ሞቅ ካለ ክምሩ እየሠራ ነው። ቀዝቃዛና ደረቅ ከሆነ ውሃ ጨምሪ፣ ከሸተተሽ ደረቅ ነገር ጨምሪና አገላብጪው። በእኛ ብርድ ከ3 እስከ 4 ወር ይፈልጋል። ኩሱ ኩስነቱ ጠፍቶ፣ ጠቁሮ፣ ዝናብ የነካው አፈር ሲሸትሽ ያኔ ደርሷል።

ምን ልትከል ካልሽ፣ ለመጀመሪያው ዓመት ጎመን፣ ቆስጣ፣ ካሮትና ቀይ ሥር ይብቃሽ። ብርዳችንን ይችላሉ። ካሮት አይዛወርም፤ ዘሩን እዚያው መደቡ ላይ ዝሪው። ቲማቲም ለክረምት አትሞክሪ፤ እርጥበቱ ቅጠሉን ያጠቁረዋል። የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ካለፈ በኋላ ትተክዪዋለሽ።

ጎመኑ ላይ ክሽክሽ መውጣቱ አይቀርም። መጀመሪያ በውሃ ግፊት እጠቢው። ካልለቀቀ፣ እኔ ሁለት ራስ ነጭ ሽንኩርትና አንድ ማንኪያ ሚጥሚጣ ወቅጬ አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ አሳድረዋለሁ። በነጠላ አጥልዬ፣ ትንሽ ፈሳሽ ሳሙና ጠብ አድርጌ፣ በ4 ሊትር ውሃ አቀጥነዋለሁ። ሲመሽ ነው የሚረጨው፣ በተለይ ከቅጠሉ ሥር። ነጠብጣብ ያለባት ቀይ ጥንዚዛ ካየሽ ግን ምንም አትርጪ። ክሽክሹን የምትበላልሽ እሷ ናት።

ጥያቄ፦ እኔ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ነኝ። ጓሮ የለኝም። በጀሪካን የሚሆን ነገር አለ?

መልስ፦ አለ እንጂ፣ ልጄ። የምግብ ዘይት የነበረበትን ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አጋድመህ አንዱን ጎን ቅደድ፤ ቆስጣና ሰላጣ ይበቅልበታል። ለቃሪያ አቁመህ አናቱን ቁረጥ። ኬሚካል የነበረበት ጀሪካን ግን ቢታጠብም አይሆንም። ከሥር 5 ወይም 6 ቀዳዳ ብሳ። ታች ያለው ጎረቤትህ ያሰጣው ልብስ ላይ እንዳይንጠባጠብ፣ ከሥሩ ያረጀ ትሪ አድርግበት።