ፓስወርዱ ትክክል ነው፣ ፕሮግራሙ ግን አልገባም አለ

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች። ኮምፒውተሬ ላይ ለዓመታት የተጠቀምኩበት የድሮ ኢሜይል ፕሮግራም አለ፣ የደንበኞቼ ደብዳቤ በሙሉ እዛ ውስጥ ነው። አሁን ግን ፓስወርድ አስገባ ይለኛል፣ አስገባለሁ፣ መልሶ አስገባ ይላል። በብሮውዘር ግን በዛው ፓስወርድ ወዲያው ይከፍትልኛል። ፕሮግራሙን መቀየር አልፈልግም፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ፓስወርድዎ ምንም አልሆነም፣ ደጋግመው አይቀይሩት። የተቀየረው ሰርቨሩ (ኢሜይልዎን የሚይዘው የኩባንያው ኮምፒውተር) የሚቀበለው የአገባብ መንገድ ነው። የድሮ ፕሮግራሞች በተገናኙ ቁጥር ዩዘርኔምና ፓስወርዱን እንዳለ ነው የሚልኩት፣ ያ ፓስወርድ ከተሰረቀ ሌባው ዘው ብሎ ይገባል፣ በስልክ የሚመጣው ኮድም አያድንም ምክንያቱም ፕሮግራሙ ኮድ የሚጠይቅበት ቦታ የለውም። ስለዚህ ጉግል ለግል አካውንቶች ከሜይ 2022 መጨረሻ ጀምሮ ይሄን መንገድ ዘጋ፣ ማይክሮሶፍትም ለድርጅቶች ከኦክቶበር 2022፣ ለግል የአውትሉክ አድራሻዎች ደግሞ ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ መዝጋት ያዘ። በቦታው የመጣው ኦአውዝ 2.0 ነው፦ እርስዎ በብሮውዘር መስኮት ይገባሉ፣ ፕሮግራሙ እጅ የሚደርሰው ጊዜው የሚያልፍ ቶክን (የመግቢያ ፈቃድ) እንጂ ፓስወርዱ አይደለም። እኔ በበኩሌ ቢያስቸግርም ትክክለኛ ውሳኔ ነው እላለሁ።

ጂሜይል ከሆነ ቀላል ነው። አካውንቱ ላይ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ያብሩና አፕ ፓስወርድ (ለፕሮግራም ብቻ የሚሰጥ ልዩ ፓስወርድ) ያውጡ፣ 16 ፊደል ይሰጥዎታል፣ እሱን ፕሮግራሙ ውስጥ በድሮው ፓስወርድ ቦታ ያስገቡት፣ አለቀ። ዋናውን ፓስወርድ የቀየሩ ቀን ግን አፕ ፓስወርዱ ይሰረዛል፣ አዲስ ማውጣት አለብዎት።

ማይክሮሶፍት ከሆነ ይሄ አይሰራም። ያለው አማራጭ ራስዎ ኮምፒውተር ላይ የሚሰራ ትንሽ ፕሮክሲ (መሀል ላይ ሆኖ የሚያገናኝ ፕሮግራም) መጫን ነው። የድሮው ፕሮግራም ሰርቨሩን ትቶ 127.0.0.1 (የራስዎ ኮምፒውተር አድራሻ) ላይ ካለው ፕሮክሲ ጋር ያወራል፣ ፕሮክሲው ደግሞ ቶክኑን ይዞ በእርስዎ ስም ከሰርቨሩ ጋር ይነጋገራል፣ ልክ እንደ አስተርጓሚ። የተጻፈበት ኮድ ማንም እንዲያየው ክፍት የሆነውን ፕሮክሲ ይምረጡ፣ ሙሉ ኢሜይልዎ በሱ በኩል ነው የሚያልፈው። ስህተቱ ስለ ፓስወርድ ሳይሆን ስለ ኮኔክሽን ከሆነ ደግሞ ፕሮግራሙ ቲኤልኤስ 1.2ን (ግንኙነቱን የሚያመሰጥረውን ዘዴ) አያውቅ ይሆናል፣ ፕሮክሲው እሱንም ይሸፍናል።

አደራ፣ አካውንቱን ከፕሮግራሙ አጥፍቼ እንደገና ላስገባ እንዳይሉ። በፖፕ (ደብዳቤን ወደ ኮምፒውተር አውርዶ ብዙ ጊዜ ከሰርቨሩ የሚያጠፋ መንገድ) ይጠቀሙ ከነበረ የደንበኞችዎ ደብዳቤ ሰርቨሩ ላይ ላይኖር ይችላል፣ ያለው ኮፒ እዛው ኮምፒውተር ላይ ያለው ብቻ ሊሆን ስለሚችል ምንም ከመንካትዎ በፊት የዳታ ፋይሉን ሌላ ዲስክ ላይ ኮፒ ያድርጉት።