«ምንም አላጎደልኩባትም፤ ለምን አኮረፈች?»

ጥያቄ፦ ነዋሪነቴ ባሕር ዳር ነው። ታናሽ እህቴ ኤችአይቪ በደሟ እንዳለ ካወቅሁ ወዲህ እኔ ቤት አምጥቻታለሁ። ጣና ዳር ቀረሶ ዓሣ እያጸዳች ትሸጥ ነበር፤ እንዳትደክም አስተውኳት። ማጀትም አትገባም። አንድ ሰው ሽማግሌ ልላክ ቢለኝ ሕመሟን ነግሬ መለስኩት። አሁን ለብቻዋ ትበላለች፤ እንቅልፍም የላትም። መድኃኒቱ ይሆን?

መልስ፦ እንቅልፉስ ሊሆን ይችላል። በቀን አንዴ በሚዋጠው ክኒን ውስጥ ያለው ዶሉቴግራቪር አንዳንድ ሰው እንቅልፍ ይነሳል። ማታ የምትወስደው ከሆነ ወደ ጠዋት ስለማዞር የኤአርቲ (የኤችአይቪ መድኃኒት የሚሰጥበት) ክሊኒኩን ባለሙያ ትጠይቅ፤ በራሷ ግን እንዳታቋርጥ።

እኔን ያስደነገጠኝ እርስዎ በአንድ መስመር ያለፉት የሽማግሌው ነገር ነው። ለማንና መቼ እንደምትናገር መወሰን የእሷ ፋንታ ነበር። ምስጢሯን አወጡባት፤ ሳይጠይቋትም ትዳሯን መለሱባት። ደግሞስ ምን የሚያስመልስ ነገር አለ? እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ የሆነው የፓርትነር ጥናት አንዳቸው ቫይረሱ ያለባቸው 888 ጥንዶችን ተከታትሎ፣ ቫይረሱ በመድኃኒት ከተገታበት ሰው ወደ ፍቅር ጓደኛው ሲተላለፍ አንድም ጊዜ አላገኘም።

ማጀቱስ? በእርግጥ ድካሟን አስበው ነው፣ ወይስ ቢላ ቢቆርጣት ብለው? ቫይረሱ በምግብ፣ በኩባያ፣ በጉርሻ አይተላለፍም። ጣቷ ቢቆረጥ እንደማንኛችንም አጥባ ታስረዋለች። እሷ ነገሩ ሳይገባት አልቀረም፤ ሰሐኗን ይዛ ገለል የምትለው ሳያገሏት ለመቅደም ይመስለኛል።

የዓለም ጤና ድርጅት ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ ሰዎችን የኑሮ ጥራት የሚለካበት አጭር መጠይቅ 31 ጥያቄዎች አሉት። ከሕመምና ከእንቅልፍ ሌላ የመሥራት አቅምን፣ የሚበቃ ገንዘብን፣ የፍቅር ሕይወትን፣ ሰው ይወቅሰኛል የሚል ጭንቀትን ይጠይቃል። እህትዎ ዛሬ ብትሞላው ዝቅ የሚለው ነጥብ አብዛኛው ከቫይረሱ የመጣ አይሆንም።

ብቻዋን ስትሆን ቁጭ ብለው «ሳላማክርሽ ተናግሬብሻለሁ፤ ይቅር በይኝ» ይበሏት። «ለአንቺው ብዬ ነው» የምትለዋን ግን ይተዋት፤ ይቅርታውን ታበላሻለች። የሰውየውን ጥያቄም ይንገሯት። እሱ እንደሁ አውቆታል፤ ከፈለገችው ፊት ለፊት ይነጋገሩ፣ ክሊኒኩም ለጥንዶች ምክር ይሰጣል። ካልፈለገችውም ራሷ ትመልሰው። ወደ ዓሣው ሥራ መመለስም እንዲሁ በእሷ ነው። ቤት ውስጥ ደግሞ እሷ የጋገረችውን እንጀራ እርስዎ ቀድመው ይቁረሱ።

አንድ ነገር አይዘግይብዎ፦ ክኒኗን መዝለል ከጀመረች፣ ተስፋ መቁረጡ ሁለት ሳምንት ካለፈው ወይም ሞትን ካነሳች ቀጠሮዋን ሳይጠብቁ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ይውሰዷት።