አኑቢያስ ጠጠር ውስጥ አይቀበርም

ሰላም ወንድሜ። 60 ሊትር በሚይዘው አኳሪየምህ (የዓሣ ገንዳህ) ውስጥ የተከልከው አኑቢያስ በ3 ሳምንት ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ከነዘንጉ እየተገነጠለ ይንሳፈፋል፤ ማዳበሪያ ልጨምር ወይ ብለሃል። እባክህ አትጨምር። ችግሩ አተካከሉ ነው።

አኑቢያስ በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ ወንዞች ዳር፣ ብዙ ጊዜ ድንጋይና የወደቀ እንጨት ላይ ተጣብቆ የሚያድግ ተክል ነው። ቅጠሎቹ የሚወጡት አግድም ከተኛ ወፍራም ግንድ ነው፤ ራይዞም ይባላል። እሱ ጠጠር ውስጥ ከተቀበረ ውሃ እንደልብ ስለማያገኘው ይበሰብሳል።

ዛሬውኑ አውጣውና ራይዞሙን በጣትህ ጫን ጫን እያደረግህ ፈትሽ። ጤነኛው እንደ ካሮት ጠንካራ ነው። የበሰበሰው ቡናማና ልፍስፍስ ነው፣ ሽታውም ይከረፋል። በንጹሕ ምላጭ እየቆረጥህ ጠንካራው ጋ እስክትደርስ ሂድ፤ ትንሽ ቡናማ ከተውክ መበስበሱ ይቀጥላል። 3 ቅጠል ያለው ቁራጭ ከተረፈህ በቂ ነው። ድንጋይ ላይ በጥጥ ክር እሰረው፣ ወይም ወፈር ያለውን ጄል ሱፐር ግሉ ጠብ አድርገህ ለጥፈው። ሥሮቹ ጠጠር ውስጥ ቢገቡ ግድ የለም፤ ራይዞሙ ብቻ ከላይ ይሁን።

የበሰበሰ ተክል ዓሣን የሚመርዝ አሞኒያ ስለሚለቅ ለዓሦቹ ሲባል በዚያው ቀን 30 በመቶውን ውሃ ቀይር፤ የቧንቧ ውሃን ክሎሪን ማጥፊያ ሳትጨምርበት አታስገባ። መብራቱን በቀን በድምሩ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ለሚሆን ጊዜ ብቻ አብራ፤ ከበዛ ቀስ ብሎ የሚያድገው ቅጠል ላይ አልጌ (የውሃ ሽበት) ይሰፍርበታል። በወር አንድ አዲስ ቅጠል ካወጣ ድኗል።