ቀድሜ የያዝኩት ቦታ ላይ ጋይዱ ገባብኝ

በዚህ እትም የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ከውሃ ላይ ጠብ የመጡ ናቸው። ሰው ሲበዛ ሐይቅም ይጠባል መሰለኝ። 19 ዓመት ጋይድ ሆኜ፣ ዓሣ የሚያጠምዱ ደንበኞችን በክፍያ ስመራ ኖሬያለሁ። ዛሬ ለራሴ ብቻ ነው የማጠምደው። ስለዚህ የሁለቱም ወገን ንዴት ይገባኛል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ነው የገባሁት። ሞተሬን አጥፍቼ፣ ነፋሱ በቄጠማው ዳር ቀስ አድርጎ እንዲወስደኝ ለቅቄ እየወረወርኩ ነበር። ጥሩ እየያዝኩም ነበር። ሁለት ደንበኞች የጫነ ጋይድ እየከነፈ መጣና ከፊት ለፊቴ ቆመ። ስጮህበት «ሐይቁ የአባትህ ነው እንዴ?» አለኝ። እውነት ጥፋቱ የማን ነው?

መልስ፦ የእሱ ነው። ሐይቁ የአባትህ አይደለም፣ ልክ ነው። ግን ነገሩ እሱ አልነበረም።

በነፋስ እየተንሳፈፈ የሚያጠምድ ሰው የቆመበት ቦታ ብቻ ሳይሆን የሚሄድበትም መስመር አለው። ከኋላው ያለውን ውሃ ጨርሶታል፤ እዚያ ያለው ዓሣ ወይ ተይዟል ወይ ደንግጧል። ተስፋው ያለው ከፊቱ ነው። ጋይዱ የገባው እዚያች ተስፋህ ላይ ነው። ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል ራቅ ብሎ ዞሮ ከኋላህ ቢሰለፍ ኖሮ ይህን ደብዳቤ አትጽፍልኝም ነበር። ያ ዙሪያ ቢበዛ አምስት ደቂቃ ይፈጃል።

ርቀቱን አልነገርከኝም። እኔ የምለካው በውርወራ ነው። ደህና እጅ ያለው ሰው 30፣ 40 ሜትር ይጥላል። የአንተና የእሱ ክር መሃል ላይ መገናኘት የለባቸውም። ስለዚህ ከ80 ሜትር ወዲህ ከመጣ ሳይጠሩት ቤት እንደገባ እንግዳ ነው። ዳር ቆሞ ከሚያጠምድ ሰው ደግሞ ከዚያም በላይ መራቅ ነው። እሱ ሞተር የለውም፤ ቢናደድም የትም አይሄድ።

አንተንም አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ አትቀየመኝ። ቄጠማው ምን ያህል ይረዝማል? 2 ኪሎ ሜትር ከሆነና ሙሉውን «ይዤዋለሁ» ካልክ አብረን አይደለንም። ማለዳ መነሳት ተራ ይሰጣል እንጂ ርስት አይሰጥም።

«ክሬ ውሃ ውስጥ ስላለ ሁሉም ይልቀቅልኝ» የሚሉም አሉ። በ1972 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፉ የባሕር ላይ ግጭት መከላከያ ደንብ እንኳ እንደዚያ አይልም። ለሚያሰግር መርከብ ቅድሚያ የሚሰጠው መረቡ ወይም ሌላ መሣሪያው እንደ ልቡ እንዳይዞር ሲይዘው ነው። ጀልባ እየነዱ ከኋላ የሚጎትቱትን ክር ለይቶ አስወጥቶታል። ሐይቆች የየራሳቸው ሕግ አላቸው። ቢሆንም የያዝከው ዘንግ ከሌላው በላይ የሚያደርግህ እንዳይመስልህ።

አሁን ወደ ጋይዱ። እሱን መርገም ቀላል ነው፤ ግን እኔም አድርጌዋለሁ። ደንበኛ ለቀኑ ከፍሎ አራት ሰዓት ሙሉ ምንም ሳይነካለት ሲቀር ጀልባው ላይ የሚወርድ ዝምታ አለ። እንደዚያ ባለ አንድ ጠዋት፣ በመቅዘፊያ ጀልባ የሚንሳፈፉ ሽማግሌ ሁለት ዓሣ ሲያወጡ አየሁ። ሄጄ ከፊታቸው ገባሁ። አልተሳደቡም። ክራቸውን ቀስ ብለው ጠቀለሉ፤ የመጠቅለያው ቅጭ ቅጭ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። መንጠቆውን ዘንጉ ላይ ካለችው ቀለበት ሰክተው፣ መቅዘፊያቸውን አንስተው ሄዱ። ደንበኛዬ «አኮረፉ እንዴ?» አለኝ። እኛም ሁለት ያዝን፣ ፎቶ ተነሳን፣ ጀልባው ሳቅ በሳቅ ሆነ። ማታ ስመለስ ሽማግሌው ዳር ላይ ጀልባቸውን መኪና ላይ እየጫኑ ነበር። «ሞተሩ ትንሽ አስቸግሮኛል» ብዬ ደንበኞቼን ዋሸሁና እስኪሄዱ ድረስ ውሃው ላይ ቆየሁ።

እና ሌላ ጊዜ አትጩህ። በደንበኞቹ ፊት የተሰደበ ጋይድ ይቅርታ አይጠይቅም፤ ቢፈልግም አይችልም። እጅህን አንስተህ ወዴት እየሄድክ እንደሆነ አሳየው። ሞተሩን አጥፍቶ የሚንሳፈፍ ሰው ከሩቅ ሲያዩት የቆመ ነው የሚመስለው፤ ብዙዎች የምር አያስተውሉም። ካልገባው ማታ ዳር ላይ ለብቻው አናግረው።

ጥያቄ፦ ባለፈው ወር ከባለቤቴ ጋር ጋይድ ቀጥረን ወጣን። ባለቤቴ ዓሣ በያዝን ቁጥር ቦታውን በስልኩ ጂፒኤስ ምልክት ያደርግ ነበር። «ከፍለንበታል» ይላል። እኔ ግን ደስ አላለኝም።

መልስ፦ እህቴ፣ ደስ አለማለትሽ ትክክል ነው። የከፈላችሁት ለቀኑ ነው። አንዲት የጠረጴዛ ስፋት ያላት የድንጋይ ክምር ከውሃ በታች ለማግኘት ስንት ባዶ ቀን እንደሚያልፍ እኔ አውቃለሁ። በእርግጥ ዘመኑ ተለውጧል። በ2018 እ.ኤ.አ. ጋርሚን የተባለው ኩባንያ ላይቭስኮፕ የሚባለውን ሶናር (በድምፅ ሞገድ ውሃ ውስጥ የሚያሳይ መሣሪያ) ካወጣ ወዲህ ዓሣው ሲዋኝ በስክሪን ላይ በቀጥታ ይታያል፤ ጀማሪም በአንድ ጠዋት ብዙ ያገኛል። ያ ግን ራሱ ፈልጎ ያገኘው ነው።

ባለቤትሽ ስልኩን ከማውጣቱ በፊት «ምልክት ባደርግ ቅር ይልሃል?» ማለት ነበረበት። አንዳንዱ ጋይድ በደስታ ይፈቅዳል። ከፈቀደ ለራሳችሁ ሂዱ፤ ሦስት ጓደኛ በሦስት ጀልባ አስከትላችሁ አይደለም። ሰውዬውን ከሌላ ደንበኛ ጋር እዚያ ካገኛችሁት ሰላም ብላችሁ እለፉ።

ጥያቄ፦ በውድድር ላይ አንድ ተወዳዳሪ ከሌላ ጀልባ ዓሣ ሲቀበል አየሁ። ጓደኛዬ ነው። ዝም ልበል?

መልስ፦ አትበል። ለዳኛው ንገር፣ ያውም ዓሣው ሳይመዘን በፊት። ዓሣው ወደ ውሃ ከተለቀቀ በኋላ የሚቀረው ወሬ ብቻ ነው። መስከረም 2022 እ.ኤ.አ. በሰሜን አሜሪካው ኤሪ ሐይቅ፣ ዎልአይ የሚባለውን ዓሣ ለማጥመድ በተደረገ ውድድር፣ ዓሣዎቹ ከመልካቸው በላይ ሲከብዱ ያየው አዘጋጅ እዚያው በቢላ ሰነጠቃቸው። ከሆዳቸው የእርሳስ ብረት ድብልብሎችና የሌላ ዓሣ ሥጋ ወጣ። ዓሣዎቹን ያቀረቡት ሁለት ተወዳዳሪዎች በሚቀጥለው ዓመት ጥፋታቸውን አምነው 10 ቀን ታሰሩ፣ ጀልባም ተወረሰባቸው። ጓደኛህ ያን ያህል አልሄደም። መጀመሪያ ለእሱ «ራስህ ተናገር» በለው፤ አንድ ዕድል ይገባዋል። ሁለት ግን አይገባውም።

ጥያቄ፦ በሌሎች አጠገብ ሳልፍ ፍጥነቴን እቀንሳለሁ። ግን አሁንም ይሰድቡኛል። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ በግማሽ ስለምትቀንስ ነው። ጀልባ አፍንጫው ሽቅብ ተነስቶ ኋላው ሲሰምጥ ትልቁን ማዕበል ያስነሳል። ከሩቅ ከሆንክ በፍጥነትህ እለፍ። ቅርብ ከሆንክ ደግሞ ገና ሳትደርስባቸው ቀንስ፣ አፍንጫው ሙሉ በሙሉ እስኪወርድ። ከዚያ ዞር ብለህ ኋላህን እይ። ነጭ አረፋ ካየህ ገና ነህ።