ቤንዚኑን አስቀምጪው፦ ጓሮሽ ውስጥ ስላሉት ቀይ ጉንዳኖች

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴን ጓሮ ያየሁ ነው የመሰለኝ። ቴክሳስ፣ ገና የገባሽበት ቤት፣ ሣሩ መሃል ምላጭ የነካው የሚመስል ክብ መላጣ፣ መሃሉ ላይ አንድ ቀዳዳ፣ ትልልቅ ቀይ ጉንዳኖች። «ቤንዚን ላፍስበት?» ብለሻል። አታፍስሺ። እኔ አፍስሼ አይቼዋለሁ።

1. መጀመሪያ ምን እንደሆኑ እወቂ። ጎረቤት ሁሉ «ፋየር አንት ነው» ይልሻል። አይደለም። ፋየር አንት ትንሽ ነው፤ አፈር ይቆልላል፤ የነደፈሽ ቦታ በማግስቱ ነጭ ጫፍ ያለው ብጉር ያወጣል። ያንቺዎቹ ሀርቨስተር አንት የሚባሉት ናቸው። ዘር ለቅመው ከምድር በታች ጎተራ ያስገባሉ፣ ገለባውን ደጅ ይጥላሉ። መላጣውንም የሠሩት ራሳቸው ናቸው፤ የበቀለውን ሁሉ በአፋቸው እየቆረጡ።

2. በነጠላ ጫማ እዚያ አትቁሚ። ይሄን የምልሽ ምክንያት አለኝ።

ኤችኦኤ የሚባለው የሰፈራችን ማኅበር ደብዳቤ ላከልኝ። ሣርህ መላጣ አለው፣ በ14 ቀን ካላስተካከልክ ትቀጣለህ ይላል። ደውዬ «ጉንዳን ነው እኮ» ስላት ሴትዮዋ «ጉንዳኑ የሚኖረው አንተ ግቢ ነው» ብላ ዘጋችብኝ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ተባይ አጥፊ ጠራሁ። ሰውዬው አምስት ደቂቃ ረጭቶ 160 ዶላር ተቀብሎኝ ሄደ። ሦስት ቀን ጸጥ አለ። በአራተኛው ቀን እዚያው አጠገብ ሌላ ቀዳዳ ተከፈተ። ንዴቴ ጣራ ነካ። ጋራዥ ገብቼ የሣር ማጨጃውን ቤንዚን ይዤ ወጣሁ። በነጠላ ጫማ።

ቁርጭምጭሚቴ ላይ አራት ቦታ ነደፉኝ። ንብ አውቃለሁ፤ አባቴ ቀፎ ነበረው። ይሄ ሌላ ነው። ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ ይገባል፣ አጥንት ድረስ ይጠዘጥዛል፣ ለሰዓታት አይለቅም። የተነደፈው ቦታ ለብቻው አላበው፣ ጸጉሩ ቆመ። ማታ ብሽሽቴ ላይ ንፍፊት ወጣ። ክሊኒክ ስሄድ ተረኛዋ «ጉንዳን?» ብላ ሳቀችብኝና ሁለት ሰዓት ተኩል አስቀመጠችኝ።

በኋላ ሳነብ ሳቋ ይበልጥ አናደደኝ። የነፍሳትን ንድፊያ በራሱ ገላ ላይ እያየ ሕመሙን ከ4 ነጥብ የሚሰጥ ጀስቲን ሽሚት የሚባል የአሪዞና ሳይንቲስት ነበር። ለንብ 2፣ ለዚህ ጉንዳን 3 ሰጥቷል። ምዕራብ በኩል ያለው ዘመዱማ፣ 12 ያህል ጊዜ ቢነድፍ ሁለት ኪሎ የሚመዝን አይጥ ይገድላል። ሰው በዚህ አይሞትም እንዳትዪ፤ አለርጂ ያለበትን ሰው አንድ ንድፊያም ሊጥለው ይችላል። ልጅሽ ከተነደፈ ቦታውን በሳሙና አጥበሽ በረዶ ያዢበት። ከንፈሩ ወይም ፊቱ ካበጠ፣ ከተነደፈበት ርቆ ገላው ሽፍ ካለ፣ ትንፋሽ ካጠረው ወይም ካዞረው ግን በረዶውን ትተሽ 911 ደውዪ። ክሊኒክ ሄደሽ እንደኔ ወንበር ላይ እንዳትቀመጪ።

ቤንዚኑ ምን ሠራ? ሣሬን ገደለ። አፈሩ ሁለት ክረምት ሙሉ ምንም አላበቀለም። ጉንዳኖቹ ከሳምንት በኋላ አንድ ሜትር ርቀው ወጡ። ንግሥቲቱ ያለችው ታች ነው፣ ጎጇቸው ከሁለት ሜትር በላይ ሊጠልቅ ይችላል። እነዚህን ጉንዳኖች አሪዞና ውስጥ ከ1980ዎቹ ጀምሮ የምታጠና ዲቦራ ጎርደን የምትባል የስታንፎርድ ተመራማሪ አለች። እሷ እንደምትለው ደጅ የሚታዩት ሩብ ያህሎቹ ብቻ ናቸው። አንድ ጎጆ ደግሞ 10,000 ያህል ጉንዳን ይይዛል። ንግሥቲቱ ከ15 ዓመት በላይ ትኖራለች። እንግዲህ ያ 160 ዶላሬ የገደለው በር ላይ የተገኙትን ነው።

ሦስተኛ ልልሽ ነበር ለካ። የግድ ማጥፋት ካለብሽ መርዝ ያለበት ማጥመጃ ምግብ ግዢ፤ ራሳቸው ተሸክመው ወደ ታች የሚያወርዱት፣ ፍርፋሪ የሚመስለውን። ማሸጊያው ላይ ሀርቨስተር አንት የሚል ስም መኖሩን እዪ፣ ልጅና ውሻ እንዳይደርስበት አድርጊ። ቀዳዳው ውስጥ አትጨምሪው። ዝናብ በሌለበት ቀን፣ ጠዋት፣ ለቀማ ላይ ሳሉ መንገዳቸው ዳር በተኚው።

እኔ ግን ተውኳቸው። ባለቤቴ «ጉንዳን ማርኮህ ነው» እያለች ትስቃለች። ጠዋት ቡናዬን ይዤ አያቸዋለሁ። መጀመሪያ ጥቂት ቃፊሮች ይወጣሉ። እነሱ በሰላም ከተመለሱ ነው ለቃሚዎቹ የሚከተሉት፤ ካልተመለሱ ማንም አይወጣም። በጋ ላይ ፀሐዩ ሲከር ይገባሉ። ደግሞ ሆርንድ ሊዛርድ የሚሉት ቀንዳም እንሽላሊት፣ ከ1993 ጀምሮ የቴክሳስ መለያ የሆነው፣ ዋና ምግቡ እነሱ ናቸው። ጎረቤቶቼ ፋየር አንት እንገድላለን ብለው ግቢውን ሁሉ መርዝ ሲረጩ እነዚህም አብረው እያለቁ፣ እንሽላሊቱም እየጠፋ ነው።

ለማኅበሩ ደግሞ መላጣውን በድንጋይ ከብቤ፣ ዳር ዳሩን ቁልቋል ተከልኩ። ያቺው ሴትዮ «በጣም ያማረ ዲዛይን» ብላ ጻፈችልኝ። ደብዳቤው ማቀዝቀዣዬ ላይ ተለጥፏል።

የልጅሽን የፕላስቲክ ገንዳ ከቀዳዳው አርቄዋለሁ ብለሻል። ርቀቱ ብቻ አይበቃም። ለቀማ ሲወጡ ብዙ ሜትር ይሄዳሉ፤ ቀጭን መንገዳቸው ሣሩ ውስጥ ይታያል። ነገ ጠዋት ዝግ ጫማ አድርገሽ ውጪና መንገዱ በየት በኩል እንደሚሄድ እዪ፤ ከዚያ ገንዳውን በተቃራኒው በኩል አድርጊው።