የመርከብ ነዳጅና የጭስ ብናኝ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ቺፍ (ዋና መሐንዲስ)፣ ከከባድ ነዳጅ ወደ ማሪን ጋዝ ኦይል (ቀላል የመርከብ ናፍጣ) ስንቀይር ብናኙ የሚቀንሰው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ብናኙ አንድ ዓይነት ስላልሆነ ነው። ከድኙ ሰልፌት ይፈጠራል፤ ሰልፌቱም ውኃ እየሳበ ክብደት ይጨምራል። ቫናዲየምና ኒኬል አመድ ይሆናሉ። ያልተቃጠለ ነዳጅ፣ የሲሊንደር ዘይትና ጥላሸትም አሉበት። ጋዝ ኦይል ተነጥሮ የወጣ በመሆኑ ብረቱ በነዳጅ ማጣሪያው አተላ ውስጥ ቀርቷል፤ ድኙም ትንሽ ነው። ስለዚህ ሰልፌቱና አመዱ በጣም ይወርዳሉ። ጥላሸቱ ግን በዚያው ልክ አይወርድም፤ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ከ2020 ወዲህ በነዳጅ ውስጥ የሚፈቀደው የድኝ ጣሪያ ከ3.50 ወደ 0.50 በመቶ ወርዷል። የኛ ጭስ ታዲያ ለምን ይጠቁራል?

መልስ፦ ጣሪያው የሚገድበው ድኝን ብቻ ነው። አሮማቲክ (ቀለበታማ ሃይድሮካርቦን) የበዛበት ቅይጥ ነዳጅ ሕጉን አሟልቶም ቀስ ብሎ ስለሚነድ ጥላሸት ይተዋል። ግን ነዳጁን ከመውቀስህ በፊት ቪስኮሲቲውን (ውፍረቱን) እይ። ነዳጁን ወደ ሲሊንደር የሚረጨው ኢንጀክተር ሲደርስ በአብዛኛው ከ10 እስከ 15 ሴንቲስቶክ (የውፍረት መለኪያ) መሆን አለበት፤ 380 የሚባለው ከባድ ነዳጅ ለዚህ ከ130 እስከ 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ይሞቃል። ከዚያ ከቀዘቀዘ ጠብታው ይተልቅና ሳይነድ ይወጣል። የሚያንጠባጥብ ኖዝልም (የኢንጀክተሩ አፍ) ይህንኑ ያደርጋል። ሞተሩ በዝቅተኛ ጭነት ሲሄድ ደግሞ ተርቦቻርጀሩ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው) በቂ አየር አይሰጥም።

ጥያቄ፦ የነዳጅ ድኝ ከ0.10 በመቶ እንዳይበልጥ ወደተወሰነበት የባሕር ክልል ስንገባ ነዳጁን እንዴት እንቀይር?

መልስ፦ ባልቲክ፣ ሰሜን ባሕር፣ የሰሜን አሜሪካ ዳርቻ፣ ከግንቦት 2025 ወዲህ ሜዲትራኒያንም በዚህ ውስጥ ናቸው (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። መጀመሪያ ጭነት ቀንስ። ሙቀቱን በደቂቃ ከ2 ዲግሪ በላይ አታውርድ፤ ከተጣደፍክ የነዳጅ ፓምፑ ፕለንጀር (ነዳጁን የሚገፋው ዘንግ) ተጣብቆ ይቆማል። የቧንቧውን የእንፋሎት ማሞቂያ ዝጋ። ጋዝ ኦይሉ ሲሞቅ ከ2 ሴንቲስቶክ በታች ይቀጥናል፤ ያኔ ፓምፑ ውስጥ ቅባት አይኖርም፣ ስለዚህ ማቀዝቀዣውን ክፈት። አዲሱ ነዳጅ የቆየውን ዝቃጭ ስለሚያጥብ ፊልተር ይዘጋል፤ መለዋወጫ አዘጋጅ። በመመለሻው መስመርና በሚክሲንግ ታንኩ (ነዳጅ የሚቀላቀልበት ታንክ) የቀረው አሮጌ ነዳጅ እስኪያልቅ ሰዓታት ሊወስድ ይችላል፤ ወሰኑ ላይ ከደረስክ በኋላ መጀመር ዘግይቷል። ቆይታህ ረጅም ከሆነ የሲሊንደር ዘይቱንም ቀይር፤ ለከባድ ነዳጅ የተዘጋጀው ከፍተኛ ቤዝ (አሲድን የሚያመክን ንጥረ ነገር) ያለው ዘይት የሚያመክነው የድኝ አሲድ ሲያጣ ካልሲየሙ ፒስተኑ ላይ ይጋገራል፣ በጭሱም አመድ ሆኖ ይወጣል።

ጥያቄ፦ ስክራበር (ጭሱን በውኃ የሚያጥብ መሣሪያ) ካለን ከባድ ነዳጅ ማንደድ ይበቃናል?

መልስ፦ ለሰልፈር ዳይኦክሳይድ (ከድኙ ለሚወጣው ጋዝ) አዎ። ረቂቁ ጥላሸት ግን አብዛኛው በውኃው መሃል ያልፋል።